ከካራማራ ሥር ሯጭ እንዴት ያድጋል?

ከካራማራ ተራራ አጠገብ ካለችው ከጅግጅጋ ተነሥቶ በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን የተሻገረ መንገደኛ ሐርጌሳ ሳይደርስ ገብሌይ የምትባል ከተማ ያገኛል። ዓለም ሞ ፋራህ ብሎ የሚያውቀው ሯጭ የዚያ አካባቢ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ራሱ እንደገለጸው የልደት ስሙ ሁሴን አብዲ ካሂን ነው። አባቱ በጦርነት ሲሞቱ የአራት ዓመት ልጅ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው ከጅቡቲ በሌላ ልጅ ስም ወደ እንግሊዝ ተወሰደና በሰው ቤት እንዲያገለግል ተደረገ። ምስጢሩን የነገረው ለስፖርት መምህሩ ለአለን ዋትኪንሰን ነበር። መምህሩም ልጁ ከዚያ ቤት እንዲወጣ አደረጉ፤ ዜግነት እንዲያገኝም ደጅ ጠኑለት፤ ወደ ሩጫውም ገፉት። ይህ ልጅ በ2012 ለንደን፣ በ2016 ሪዮ ላይ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆችን ጠቅልሎ ወሰደ።

ገብሌይና ጅግጅጋ አንድ ሜዳ፣ አንድ ነፋስ፣ አንድ የግመል ወተት ይጋራሉ። ስለዚህ በሶማሌ ክልል በፋፈንና በሲቲ ዞኖች ስላሉ ታዳጊዎች ስናወራ «ተሰጥኦ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ጊዜ ሊወስድብን አይገባም። የላስ አኖድ ልጅ አብዲ ቢሌ በ1987 ሮም ላይ የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የጅቡቲው አህመድ ሳላህ በ1988 ሴኡል ላይ በማራቶን ነሐስ አግኝቷል። በቶኪዮው ኦሊምፒክ ማራቶን ደግሞ ለኔዘርላንድስ የሮጠው አብዲ ናጌዬ መጨረሻው ላይ ወደ ኋላ እየዞረ ለቤልጅጉ ባሺር አብዲ በእጁ «ና! ና!» ሲለው ዓለም አይቷል። ሁለቱም ሞቃዲሾ የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ ብር፣ ሌላው ነሐስ ወሰዱ። በ2024 ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ ወርቁን ሲያጠልቅ ከጎኑ ብሩን ይዞ የቆመው ይኸው ባሺር ነበር። በኢትዮጵያ ማልያ የሮጡትን ስንቆጥር ግን የሚነሡት አርሲና ሸዋ ናቸው፤ ጅግጅጋ አትነሣም። መጠየቅ ያለበት ልጁን ማን አየው፣ ካየውስ በኋላ ስንት ዓመት አብሮት ቆየ የሚለው ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መፍትሔ «እንደ በቆጂ እናድርግ» ነው። በቆጂ ደራርቱን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያፈራች ከተማ ናትና ምኞቱ ይገባኛል። ዳሩ ግን በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ ጅግጅጋ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ኩላሊት ቀይ የደም ሕዋስ እንዲበዛ የሚያዝዝ ሆርሞን ይለቃል፤ ኦክስጅን ተሸካሚው ይበዛል፤ ረጅም ርቀት ሯጩም ይጠቀማል። ጅግጅጋ ላይ ይህ ጥቅም ትንሽ ነው። በሌላ በኩል በስስ አየር ፈጣን ልምምድ መደጋገም ከባድ ነው፤ ሰውነት ቶሎ ይደክማል። በ1,600 ሜትር ላይ ያለ ልጅ ግን በሙሉ ፍጥነቱ ሮጦ፣ አርፎ፣ እንደገና በሙሉ ፍጥነት መሮጥ ይችላል። የሽንሌና የአይሻ ቆላ ደግሞ ጡንቻ በቀላሉ የሚሟሟቅበት ቦታ ነው፤ ለአጭር ርቀትና ለዝላይ የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት የሰሜን ሶማሌ ከተሞች የበቆጂን መንገድ መገልበጥ የለባቸውም የሚል ነው። ከ400 እስከ 1,500 ሜትር ያለውን ሩጫ፣ ርዝመትና ሱሉስ ዝላይን፣ ጦር ውርወራን ይያዙ። አገራችን ከእነዚህ ዘርፎች በአብዛኞቹ ሰው የሚያንሳት ናት። የ800 ሜትር ክብረ ወሰን ባለቤት ዴቪድ ሩዲሻም የመጣው ከብት አርቢ ከሆኑት ከኬንያ ማሳዮች ነው፤ ለንደን ላይ የገባበት 1፡40.91 እስካሁን አልተነካም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ «አርብቶ አደር እግሩ ረጅም ስለሆነ ይሮጣል» የሚለውን ወሬ አትመኑ። እግሩ ረጅም ሆኖ የማይሮጥ ሞልቷል። መለካት ያስፈልጋል።

አለካኩ ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የሰዓት መቁጠሪያ፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ኳስ፣ አንድ ደብተር ይበቃል። አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸውን የክፍሉን ልጆች በሙሉ፣ ወንድም ሴትም፣ 60 ሜትር ማስሮጥ፤ ቆመው ወደ ፊት እንዲዘሉ ማድረግ፤ ኳስ ማስወርወር፤ 600 ሜትር ማስሮጥ፤ ውጤቱን መጻፍ። ከሦስት ወር በኋላ መድገም። እዚህ ላይ ብዙ አሠልጣኝ ይሳሳታል፤ በመጀመሪያው ቀን አንደኛ የወጣውን መርጦ ሌላውን ያሰናብታል። እንበልና አንዱ ልጅ 60 ሜትሩን በ9.0 ሰከንድ፣ ሌላው በ9.6 ገባ። ከዓመት በኋላ የመጀመሪያው 8.9፣ ሁለተኛው 9.0 ከሆኑ መምህሩ ዐይኑን መጣል ያለበት በሁለተኛው ላይ ነው። የሚፈለገው ለሥልጠና ምላሽ የሚሰጥ ሰውነት ነው፤ እርሱ ደግሞ በአንድ ቀን አይታይም።

ቁመትም በየሦስት ወሩ ይለካ። ሴት ልጅ በአማካይ አሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ፣ ወንድ ልጅ አሥራ አራት አካባቢ በድንገት ይመዘዛሉ። በዚያ ወቅት አጥንት ቀድሞ ይረዝማል፤ ጡንቻና ጅማት ይከተሉታል። ትናንት በቀላሉ ይዘል የነበረው ልጅ ይደነቃቀፋል፤ ከጉልበቱ ሎሚ በታች ያመኛል ይላል። ይህ ስንፍና አይደለም። ዝላይና ከባድ ሩጫ ቀንሶ፣ ቅልጥፍናና የሩጫ አቋም እያስተማሩ መጠበቅ ነው። በአሥራ አራት ዓመቱ ለሜዳሊያ ሲባል በየሳምንቱ የተወዳደረ ልጅ ሃያ ዓመቱ ላይ ብዙውን ጊዜ በሜዳው የለም።

ዕድሜም ሌላው ጣጣ ነው። ልደት በወረቀት ሳይሆን «ጉ» በሚባለው የዝናብ ወቅት ወይም «ጂላል» በሚባለው የድርቅ ወቅት በሚታወስበት ቤት፣ «አሥራ አምስት ዓመቱ ነው» የሚለው ቃል በቅን ልቦናም ሊሳሳት ይችላል። ሆን ብሎ ዕድሜ የሚቀንስ ግን በሁለት ልጆች ላይ ይፈርዳል፤ በተበለጠው ልጅና ነገ እውነተኛ እኩዮቹ መሐል ሲገባ በሚሰበረው፣ ዕድሜው በተቀነሰለት ልጅ ላይ።

ልምምዱ ከልጁ ኑሮ ጋር ይግባባ። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ዱግሲ (የቁርአን ትምህርት ቤት)፣ ማታ የቤት ሥራ ያለበትን ልጅ በቀን ሁለቴ ና ማለት ሁሉንም ያስጥለዋል። ከዐሱር ሶላት በኋላ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለጀማሪ በቂ ነው። በረመዳን ልምምዱ ይቅለል። በጂላል ከመንጋው ጋር የሚሄደው ልጅ ሲመለስ ስሙ ከደብተሩ ተሰርዞ አይጠብቀው። ለልጃገረዶች ደግሞ ሴት አሠልጣኝ፣ ሰውነትን የሚሸፍን ምቹ ልብስና የእናትን እሺታ አስቀድሞ ማግኘት የሥልጠናው አካል ናቸው። የወር አበባ ከጀመረች በኋላ ደክሞኛል የምትል ልጅ የብረት ማዕድን እጥረት ሊኖርባት ስለሚችል ጤና ጣቢያ ትታይ። ስለ ጫትም በግልጽ መነገር አለበት፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ይነሣል። በውስጡ የሚገኘው ካቲን ደግሞ ከተወሰነ መጠን በላይ በሽንት ከተገኘ በውድድር ወቅት የተከለከለ አበረታች ቅመም ነው።

ቢቻል ልጁ እስከ አሥራ ሰባትና አሥራ ስምንት ዓመቱ ከቤቱ አይራቅ። ቋንቋውን ወደማይሰማበት ካምፕ በአሥራ ሦስት ዓመቱ የተላከ ልጅ የሚሸነፈው ገና ሳይሮጥ፣ በናፍቆት ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሚወጣበት መሰላል ሊኖር ግድ ነው፤ የክልል ውድድር፣ ክለብ፣ ማሠልጠኛ ማዕከል። መሰላል የሌለው ተሰጥኦ ምን እንደሚሆን ሳሚያ ዩሱፍ ዑመር አሳይታናለች። በ2008 ቤጂንግ ላይ ለሶማሊያ 200 ሜትር በ32.16 ሰከንድ ሮጣ ከምድቧ መጨረሻ ስትገባ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተቀበላት። አሠልጣኝ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣች። ከዚያ በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ አውሮፓ ልትገባ ስትል በ2012 በሜዲትራኒያን ባሕር ሰጠመች። ተህሪብ (ሕገ ወጥ ስደት) የሚለው ቃል በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ ስንት ቤት እንዳስለቀሰ የከተማው ሰው ያውቀዋል።

የትምህርት ቤት ርእሰ መምህራን ሆይ፣ ለስፖርት መምህራችሁ ደብተርና የሰዓት መቁጠሪያ ስጡት፤ ከዚያ ቢያንስ አምስት ዓመት ከዚያው ትምህርት ቤት አታዛውሩት። «እኔ የአትሌቲክስ ባለሙያ አይደለሁም» የሚል መምህር ካለም ይህን ይወቅ፦ ሩዲሻን ያሠለጠኑት አየርላንዳዊው ኮልም ኦኮኔል በ1976 ኬንያ ኢተን የደረሱት ጂኦግራፊ ለማስተማር ነበር።