ስልቻና ኮምፒዩተር

በፃግብጂ አገር እህል በስልቻ ተሞልቶ በአህያ ይጫናል። ስልቻው ከአህያዋ ጀርባ ላይ ሲያርፍ መሐሉ ጎድጎድ ይላል፤ ጎኖቹ ይወጠራሉ። አህያዋ በተራመደች ቁጥር ቅርጹ ይለዋወጣል። ዓይናችን ስለለመደው ልብ አንለውም። ኮምፒዩተር ግን ይህን የሚንቀሳቀስ ሥዕል አድርጎ እንዲያሳየን ከተፈለገ ሁሉም ነገር በቁጥር ሊነገረው ይገባል።

ድንጋይ ቢሆን ሥራው ቀላል ነበር። ድንጋይ ቢንከባለልም ቅርጹ ያው ነው። የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ ለመናገር 6 ቁጥር ይበቃል። የስልቻ ቆዳ ግን እዚህ ሲጎደጉድ እዚያ ስለሚወጠር ብዙ ሺህ ቁጥር ሊፈልግ ይችላል።

ታዲያ እንዴት ይሠራል? ቆዳው በብዙ ነጥቦች ይከፈላል። ጎረቤት የሆኑት ነጥቦች በሞላ እንደተያያዙ ተደርጎ ይታሰባል። ሞላ ማለት ሲስቡት የሚረዝም፣ ሲለቁት የሚመለስ ጥምዝ ሽቦ ነው። እጥፍ ከተሳበ እጥፍ ኃይል ይመልሳል። ይህን ሕግ ሮበርት ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1678 በመጽሐፍ አውጥቶታል። ዴሜትሪ ቴርዞፖሎስና ሦስት ባልደረቦቹ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 የሚለጠጥና የሚተጣጠፍ ነገር በኮምፒዩተር ሥዕል እንዴት እንደሚታይ ጽፈው አሳተሙ።

ችግሩ ጊዜ ነው። ለፊልም ከሆነ ኮምፒዩተሩ አንዱን ሥዕል ሲያሰላ ቢያድር ግድ የለም። ሰው በእጁ እየነካ የሚያየው ከሆነ ግን በሴኮንድ 60 ሥዕል ያህል መውጣት አለበት። በዚህ ጥድፊያ ጠንካራ ሞላ አደገኛ ነው፤ አንዴ ከልኩ አልፎ ይመለሳል፣ ቀጥሎ የባሰ ያልፋል፣ በመጨረሻ ነጥቦቹ ይበታተናሉ። ስልቻው ፈነዳ ማለት ነው! ማቲያስ ሙለርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት ዘዴ ይህን ያቃልላል፤ ኃይሉን ትቶ ነጥቦቹን በቀጥታ ወደ ተገቢው ርቀት ይመልሳቸዋል። እርግጥ ልክነቱ ይጎድላል፤ ግን አይፈነዳም። ለጨዋታ ይህ ይበቃል፤ ስልቻው ትንሽ ቢሳሳት የሚጎዳ የለም።

ለሐኪም ግን አይበቃም። ጉበትም ሲጫኑት ጎድጎድ የሚል ለስላሳ ነገር ነው። ዛሬ የቀዶ ጥገና ተማሪዎች በኮምፒዩተር በተሠራ ሆድ ላይ ይለማመዳሉ። መሣሪያው የጉበቱን ግፊት ለእጅ እንዲያሰማ በሴኮንድ 1000 ጊዜ ያህል ማስላት አለበት። ጉበቱ ከእውነተኛው ይበልጥ ጠንካራ ቢደረግ ተማሪው እጁን ማክበድ ይለምዳል። ነገ ከታማሚ ሆድ ውስጥ የሚገባው ያው የለመደ እጅ ነው።