ዋናው ሰርቨር 400 ጊጋባይት፣ ሬፕሊካው 250፦ ዳታ ጠፋ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ማይኤስኪውኤል ወደ ሬፕሊካው የሚልከው የዳታውን ለውጥ እንጂ ፋይሉን ራሱን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ያው ዳታ ይዘው መጠናቸው በሰፊው ሊለያይ ይችላል። ብዙ ሰው ደንግጦ ሬፕሊካውን አፍርሶ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ቁጥሩ ሊስተካከል ይችላል፣ ምክንያቱ ግን ሳይታወቅ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ልዩነቱ የት ፎልደር ውስጥ እንዳለ ፈልጉ። በሁለቱም ሰርቨሮች ላይ የዳታ ፎልደሩን በ«ዲዩ» ለኩ፣ ከ«ዲኤፍ» ጋርም አስተያዩ። ዲኤፍ በጣም ከበለጠ፣ ተሰርዞም አንድ ፕሮሰስ ያልለቀቀው ፋይል ሊኖር ይችላል፤ «ኤልኤስኦኤፍ» ያጋልጠዋል።

ደረጃ 2፦ ሎጎቹን እዩ። በማይኤስኪውኤል 8.0 ማንም ካልቀየረው ባይነሪ ሎግ ለ2,592,000 ሰከንድ፣ ማለትም ለ30 ቀን ይቀመጣል። አንዱ ሰርቨር ላይ ይህ ቁጥር ተቀይሮ ከሆነ ምክንያቱ ተገኘ። ፋይሎቹን ግን በእጅ አትሰርዙ፤ ሬፕሊካው እስከ የት እንዳነበበ አረጋግጡና በ«ፐርጅ ባይነሪ ሎግስ» አጽዱ። የገዘፈው ሬፕሊካው ከሆነ ደግሞ ሪሌይ ሎጉን ተመልከቱ፦ መረጃው እየደረሰው ሥራ ላይ ማዋሉን አቁሞ ይሆናል። «ሾው ሬፕሊካ ስታተስ» ይነግራችኋል።

ደረጃ 3፦ ወደ ቴብሎቹ ግቡ። አብዛኛውን ጊዜ ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ኢኖዲቢ ውስጥ ሚሊዮን ረድፍ ብትሰርዙም ፋይሉ አያንስም፤ ተከራይ ለቀቀ ተብሎ ቤት አይፈርስም። ለዓመታት ሲጻፍበትና ሲሰረዝበት የኖረ ዋና ሰርቨር ባዶ ቦታ ያጠራቅማል፤ ከ«ማይኤስኪውኤል ደምፕ» የተሠራ ሬፕሊካ ግን ታጭቆ ይጀምራል። በ«ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ውስጥ «ዳታ ፍሪ» የሚለውን ዓምድ በሁለቱም በኩል አስተያዩ። በ8.0 እነዚህ ቁጥሮች እስከ 24 ሰዓት የቆዩ ሊሆኑ ስለሚችሉ አስቀድማችሁ «አናላይዝ ቴብል» አስኬዱ።

ባዶ ቦታው በኋላ የሚገቡ ረድፎች ይሞሉታልና ዲስኩ ካልጠበበ ባይነካ እመርጣለሁ። የግድ ከሆነ «ኦፕቲማይዝ ቴብል» ቴብሉን እንደገና ይገነባል፤ ለአዲሱ ቅጂ የሚበቃ ትርፍ ቦታ መኖሩን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ትዕዛዙ ወደ ሬፕሊካውም ተላልፎ ወደ ኋላ ሊያስቀረው ስለሚችል «ኦፕቲማይዝ ሎካል ቴብል» በሉ።

ደረጃ 4፦ ዳታው ያው መሆኑን አረጋግጡ። «ቴብል ሮውስ» የሚለውን ቁጥር አትመኑ፤ በኢኖዲቢ ግምት ነው፣ ከእውነተኛው እስከ 40 ወይም 50 በመቶ ሊርቅ ይችላል። የፐርኮናው «ፒቲ ቴብል ቼክሰም» የሁለቱን ይዘት ያስተያያል። ሬፕሊካው አንዳንድ ዳታቤዞችን እንዲዘል በፊልተር ታዝዞ እንደሆነም እዩ።

ሰርቨራችሁ ፖስትግሬስ ከሆነና የሚገለብጠው በስትሪሚንግ ከሆነ ነገሩ ይለያል። እዚያ የዲስኩ ብሎክ እንዳለ ስለሚገለበጥ የቴብል ፋይሎች መጠን መቀራረብ አለበት። ልዩነት ካያችሁ መጀመሪያ «ፒጂ ዋል» የሚባለውን ፎልደር ክፈቱ፤ የሚያነብበው የሌለ የሬፕሊኬሽን ስሎት የዋል ፋይሎችን እያስቀረ ዲስኩን እስከ መሙላት ይደርሳል። እንዲህ ያለ ስሎት ካገኛችሁ፣ የሚፈልገው እንደሌለ አጣሩና ዛሬውኑ አጥፉት።