ደጃዝማችነት እንዳይቀር

አበው ዝምታንም መናገርንም የሚያሞግስ ተረት አላቸው። አንዱ «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ሌላው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል»። በትንሽ ገንዘብ የራሱን ሥራ የጀመረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያውን ይዞ ይኖራል። ዕቃዬ ጥሩ ከሆነ ገዢው ራሱ ፈልጎ ይመጣል ባይ ነው። እውነት ነው፣ ጎረቤት ይመጣል፤ ጎረቤት የነገረው ዘመድም ይመጣል። ከዚያ በኋላ ግን ወሬው ይደክመዋል፤ ሰፈር አይሻገርም። ስለዚህ እኔ ዛሬ ከደጃዝማቹ ተረት ጎን ቆሜያለሁ። ሥራችሁ ጥሩ ከሆነ ይነገርለት! ለመናገር ጊዜውም ልምዱም ከሌላችሁ ይህንኑ ሙያዬ ብለው የያዙ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅቶች አሉ። ከእነሱ ጋር መሥራት ደግሞ የባንክና የቢራ ፋብሪካ ብቻ መብት አይደለም።

«ሕዝብ ግንኙነት» ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኮሪደር ጫፍ ላይ ያለው፣ ስብሰባ በተካሄደ ቁጥር ካሜራ ይዞ የሚወጣው ክፍል ነው። (እሱም ሥራ አለው፤ ዛሬ አናማውም።) ለነጋዴ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማስታወቂያ ስታስነግሩ የአየር ሰዓቱን ወይም የጋዜጣውን ቦታ ትገዛላችሁ፤ ያላችሁት እንዳለ ይወጣል። በሕዝብ ግንኙነት የምትከፍሉት ታሪካችሁን አንጥሮ ለሚያወጣና ለየትኛው ጋዜጠኛ መቼ እንደሚቀርብ ለሚያውቅ ባለሙያ ነው። ዘገባው ይውጣ አይውጣ የሚወስነው ግን አዘጋጁ ነው። ጣጣውም ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው፤ አንባቢው «ከፍሎ ያስወራው ነው» ብሎ የማያልፈው ለዚህ ነውና። እኛ ዘንድ ዘገባ መስሎ የሚቀርብ፣ ግን ስፖንሰር የከፈለበት ፕሮግራም ስለሚበዛ፣ ድርጅቱ «ቴሌቪዥን ላይ አወጣችኋለሁ» ሲላችሁ «በዜና ነው ወይስ በተገዛ የአየር ሰዓት?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ሒሳባቸው ግን ለየብቻ ነው።

አንዲት የባልትና ባለሙያ እናስብ። ሾላ ገበያ አካባቢ በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣና በሶ አዘጋጅታ ትሸጣለች እንበል፤ ጥቂት ሴቶችም አብረዋት ይሠራሉ። የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ቢሮ ገብታ «መታወቅ እፈልጋለሁ» ብትል ምን ይሠሩላታል? ማን ዘንድ ነው የምትታወቀው? ሸቀጧ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ እንዲቀመጥ ከሆነ የምትፈልገው፣ ማሳመን ያለባት አንድ ሚሊዮን ሰው ሳይሆን ለሱፐርማርኬቶቹ ዕቃ የሚገዙትን ጥቂት ሰዎች ነው። እነሱ የሚጨነቁት ዕቃው ሳይቋረጥ ይቀርባል ወይ፣ ማሸጊያው ሽታ ያሳልፋል ወይ፣ የምግብ ደረጃ ማረጋገጫ አለ ወይ በሚለው ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ቴል አቪቭ ያለች እህት በዘመድ ሻንጣ እንድታስመጣ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ቲክቶክና ዩቲዩብ ነው፤ ያቺ እህት ዓይኗ ካላየ አታምንም። የሰፈር እናቶችን ከሆነ የምትፈልገው፣ ማለዳ ማጀት ውስጥ የሚከፈተው ኤፍኤም ሬዲዮ ይሻላል። ሦስቱም ሰሚዎች ናቸው፤ ለሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚበቃ ገንዘብ ግን ትንሽ ድርጅት የለውም። ስለዚህ ከድርጅቱ ጋር ከመነጋገራችሁ በፊት አንዱን ምረጡ። በመጀመሪያው ቀን «ማን እንዲሰማችሁ ነው የምትፈልጉት?» ብሎ ሳይጠይቅ ዋጋ የሚያቀርብ ድርጅት ካጋጠማችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ አመስግናችሁ ውጡ።

ሰሚውን ከመረጣችሁ ታሪኩ ይቀራል። «ጥራታችንን የጠበቅን ነን» ታሪክ አይደለም፤ ሁሉም ይለዋል፣ ማንም አይሰማውም። ለዚያች ባለሙያ ታሪኳ ያለው በገዢው ፍርሃት ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የዱቄት በርበሬ የሚገዛ ሰው ሸክላ ተፈጭቶ ተቀላቅሎበት ይሆን እያለ ይሰጋል፤ እንዲህ ዓይነት ባዕድ ነገር ተያዘ የሚል ዜና ደጋግሞ ሰምቷል። እሷ ግን የማረቆውን ዛላ በርበሬ ራሷ መርጣ ትገዛለች፤ ሴቶቹ በእጃቸው ይለቅሙታል፤ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተደልዞ፣ ኮረሪማውና በሶብላው ገብቶበት፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህ ለእሷ የየዕለት ሥራ ስለሆነ የሚወራ ነገር አይመስላትም። ደህና ባለሙያ ግን ይህን ሲሰማ ብዕሩን ያወጣል። «በሩን ክፈቺው፤ ጋዜጠኛም ደንበኛም መጥቶ ከለቀማው እስከ ወፍጮው ይይ» ይላታል። ስጋት ባለበት ገበያ የተከፈተ በር ዜና ነው።

ተራ የሚመስል ነገር ታሪክ ሲሆን በጫማ አይተናል። ቤተልሔም ጥላሁን ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅቷን በ2004 እ.ኤ.አ. ስትጀምር መነሻዋ ያደገችበት ዘነበወርቅ ሰፈር ነበር፤ ብዙ ሰው በአለርት ሆስፒታል ብቻ የሚያውቀው ሰፈር። ሶሉ ከአሮጌ ጎማ የሚቆረጥ ጫማ ደግሞ ለኢትዮጵያዊ አዲስ ነገር አልነበረም፤ በረባሶ የማያውቅ የት አለ? እሷ ያንኑ የምናውቀውን ነገር ይዛ፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደሚሠራው፣ ሠራተኛው ምን እንደሚያገኝ ለዓለም ተናገረች። ታሪኩ እውነት ስለነበረና ደጋግማ ስለተናገረችው የውጭ መጽሔቶችና ቴሌቪዥኖች ዘነበወርቅ ድረስ መጡ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የዓለም ኢኮኖሚ ፎረም ከወጣት መሪዎቹ አንዷ አድርጎ መረጣት። እኛ የምንደብቀውን ሰፈርና የምንንቀውን ጫማ እሷ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። በእኔ ግምት ከጫማው እኩል የተሸጠው ይህ ድፍረት ነው። የእናንተስ በረባሶ ምንድን ነው? የሴት አያታችሁ አሠራር ሊሆን ይችላል፤ የምትሠሩባት ጠባብ ክፍል ልትሆን ትችላለች፤ መስማት የተሳነው ሠራተኛችሁ ከሁሉ በላይ የተካነበት ሙያ ሊሆን ይችላል። እሱን ፈልጋችሁ ለባለሙያው ስጡት። ድርጅቱ ታሪክን ይሞርዳል እንጂ ከባዶ አይፈጥርም።

አሁን ብዙዎች የሚሰናከሉበት ቦታ ላይ ደረስን። ውሉ ይፈረማል፣ ቅድመ ክፍያው ይከፈላል፣ ከዚያ ባለቤቱ «እንግዲህ ገንዘቤን ሰጥቻለሁ፤ እነሱ ይሥሩት» ብሎ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ባለሙያው ፎቶ ሲጠይቅ «ሰሞኑን ሥራ በዝቶብኝ»፤ ጋዜጣዊ መግለጫውን አንብበው እሺ ይበሉኝ ሲል ሳምንት ያልፋል። ሪፖርተር የአማርኛው ጋዜጣ እሑድና ረቡዕ ነው የሚወጣው፤ የእሑዱ ጽሑፍ ከእሑድ በፊት አልቆ ማተሚያ ቤት መግባት አለበት። ጋዜጠኛው ዓርብ ከሰዓት ደውሎ አንድ ቁጥር ለማረጋገጥ ሲፈልግ ስልካችሁ ካልተነሣ፣ እናንተን አውጥቶ ሌላውን ያስገባል። ተቀይሞ አይደለም፤ ሰዓቱ ስላለቀ ነው። የሦስት ወር ድካም በአንድ ያልተነሣ ስልክ ሲቀር ደግሞ የሚወቀሰው ድርጅቱ ነው።

እና የእናንተ ድርሻ ምንድን ነው? በሳምንት አንድ ሰዓት ለባለሙያው ብቻ መድቡ፤ ማክሰኞ ጠዋት ይሁን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ብቻ አይፍረስ። በዚያ ሰዓት የሳምንቱን ንገሩት፦ አዲስ ሠራተኛ ቀጠራችሁ? አንድ ደንበኛ ከሐዋሳ ድረስ መጣ? ማሽን ተበላሽቶ በእጅ ሠርታችሁ ትዕዛዙን አደረሳችሁ? ለእናንተ ተራ የሆነው ለእሱ ጥሬ ዕቃ ነው። ጥርት ያሉ ፎቶዎች፣ የድርጅታችሁ ታሪክ በአንድ ገጽ፣ የንግድ ፈቃዳችሁና የምስክር ወረቀቶቻችሁ ኮፒ በአንድ ፋይል ተሰብስበው ይቀመጡ። ማይክ ስታዩ ምላሳችሁ የሚተሳሰር ከሆነ ባለሙያው እንዲያለማምዳችሁ ጠይቁ፤ ክፍያችሁ ውስጥ ያለ አገልግሎት ነው። አሊያም ከሠራተኞቻችሁ መካከል ነገር የሚያምርላትን ምረጡ፤ ባለቤት ካልተናገረ የሚል ሕግ የለም።

ጊዜንም አብራችሁ አስቡ። ሽሮ የሚሸጥ ሰው ሁዳዴ ሲገባ መናገር ከጀመረ ዘግይቷል፤ ሐሳቡ ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ጋዜጠኛው ጠረጴዛ ላይ መሆን ነበረበት። የተማሪ ቦርሳ የሚሰፋም መስከረምን ሳይሆን ሐምሌን ያስብ። የበዓል ሰሞን ትልልቆቹ የማስታወቂያ ገንዘባቸውን የሚያፈሱበት ስለሆነ ትንሹ ድምፅ ይዋጣል። ቀለል ባሉት ሳምንታት ግን አዘጋጆች ራሳቸው ታሪክ ይፈልጋሉ፤ ያኔ ግቡ።

ድርጅት ስትመርጡ በቢሮው ስፋት አትደነቁ። ሐሳቡን የሚያቀርብላችሁ ሥራ አስኪያጁ ሊሆን ይችላል፤ በየቀኑ የሚሠራላችሁ ግን ማን ነው? እሱን አግኙት። ከዚህ በፊት ለእናንተ አቅም ላለው ሰው ምን እንደሠሩ ያሳዩአችሁ፤ ያንንም ደንበኛ ደውላችሁ ጠይቁ። አንዳንዴ ጋዜጠኝነቱን ትቶ ለብቻው የሚሠራ አንድ ጎበዝ ሰው፣ እናንተን ሃያኛ ደንበኛ አድርጎ ከሚይዝ ትልቅ ድርጅት ይሻላል። ውሉ ላይ በወር የሚሠራው ሥራ በዝርዝር ይጻፍ፣ ውሉን ማቋረጫው መንገድም ይጻፍ፣ ደረሰኝ ይኑር። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የቴሌግራም ቻናሉ፣ የፌስቡክና የቲክቶክ ገጹ በእናንተ ስልክ ይከፈት፤ የይለፍ ቃሉ እናንተ ዘንድ ይሁን፤ የተነሡት ፎቶዎችና ቪዲዮዎች የእናንተ መሆናቸው ይጻፍ። ውል ሲፈርስ ተከታዮቹን ሁሉ ይዞ የሚሄድ ሰው ሊያጋጥም ይችላል።

ለባለሙያችሁ ደግሞ ገመናችሁን አትደብቁ። ፈቃዱ አልታደሰ ከሆነ፣ ከሠራተኛ ጋር ክስ ካለ፣ ባለፈው ወር የተበላሸ ዕቃ ወጥቶ ከሆነ፣ ከጋዜጠኛ በፊት እሱ ይስማው። ይህ ሙያ ካደገባቸው አጋጣሚዎች አንዱም እንዲህ ዓይነት ነገር ነው። ጥቅምት 1906 እ.ኤ.አ. አሜሪካ፣ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ የፔንሲልቫኒያ ሬልሮድ ባቡር ከድልድይ ላይ ውኃ ውስጥ ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ዘመን የባቡር ኩባንያዎች ልማድ አደጋን መደበቅ ነበር። የኩባንያው አማካሪ የነበረው የቀድሞ ጋዜጠኛ አይቪ ሊ ግን የሆነውን የሚገልጽ መግለጫ ለጋዜጦች በተነ፤ ጋዜጠኞችም ቦታው ድረስ ሄደው እንዲያዩ አደረገ። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ የሚሉት ይህንኑ ነው። ወደ ባልትናዋ ባለሙያ እንመለስ፤ ነገ «በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ተገኘ» የሚል ዜና ቢወጣ ገዢው ሁሉንም በርበሬ ሻጭ ይጠረጥራል። ያን ዕለት በሯን ከፍታ «ኑና እዩ፤ የምርመራ ውጤታችንም ይኸው» የምትለው ትተርፋለች፤ አንዳንዴም ደንበኛ ታበዛለች።

ሁለት ነገር ከባለሙያችሁ አትጠይቁ። አንደኛው ውሸት ነው፤ «ከኢትዮጵያ አንደኛ» ብላችሁ ማስረጃ ከሌላችሁ፣ አሳሳች ማስታወቂያን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 759/2004 እንዳለ አስቡ። ሁለተኛው ለጋዜጠኛ ፖስታ ማቀበል ነው። ጋዜጠኛን ከከተማ ውጭ ስትጋብዙ መጓጓዣ ማዘጋጀት በግልጽ የሚነገር ነገር ነው፤ በፖስታ የተገዛ ወሬ ግን ነገ ሌላው አስበልጦ ከከፈለ በእናንተ ላይ ይዞራል።

ውጤቱንስ በምን ታውቃላችሁ? ድርጅቱ በወሩ መጨረሻ «ይህን ያህል ሚዲያ ላይ ወጥታችኋል» የሚል ወፍራም ሪፖርት ያመጣል። ደስ ይበላችሁ፣ ግን ገንዘብ መቀበያው አጠገብ አንድ ደብተር አስቀምጡ። አዲስ ደንበኛ ሲገባ «ከየት ሰምተው መጡ?» ብላችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ። በሦስት ወር ውስጥ ያ ደብተር ከየትኛውም ሪፖርት በላይ ይናገራል፤ ሬዲዮው ሰው አምጥቶ ጋዜጣው ካላመጣ፣ ለባለሙያችሁ አሳዩትና አቅጣጫ ቀይሩ። ጥሩ ባለሙያ አይከፋውም፤ እንዲያውም ደብተሩን ፎቶ ያነሣዋል።

እንግዲህ ከዛሬ የተሻለ ቀን አትጠብቁ። ማታ ሱቁን ከዘጋችሁ በኋላ ወረቀት ላይ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ማን እንዲሰማችሁ እንደምትፈልጉ፣ እና ማንም የማያውቀው የእናንተ ታሪክ ምን እንደሆነ። በዚህ ሳምንት ሁለት ሦስት ድርጅቶችን ወይም ለብቻቸው የሚሠሩ ባለሙያዎችን አግኙ፤ ወረቀቱን አሳይታችሁ የሚሉትን ስሙ። የሚጠይቃችሁን ምረጡ እንጂ የሚያሞግሳችሁን አትምረጡ። ውሉን ፈርሙ፣ የሳምንቱን አንድ ሰዓት አክብሩ፤ ዓርብ ከሰዓት የማታውቁት ቁጥር ሲደውልም ስልኩን አንሡ።