ድንች በጆንያ

ድንች በአገራችን ጥንት የነበረ ተክል አይደለም። የመጀመሪያ አገሩ በደቡብ አሜሪካ ያለው የአንዴስ ተራራ ነው። ወደ ኢትዮጵያም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1858 ዓመት ሺምፐር የሚባል የጀርመን ሊቅ እንዳመጣው ይነገራል።

ድንች ለመብቀል የግድ ሰፊ እርሻ አይፈልግም። ስለዚህ ማንም ሰው «መሬት የለኝምና ምን ልትከል?» ብሎ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ፤ አንድ አሮጌ ጆንያ ይበቃዋልና።

አስቀድሞ ውኃ እንዳይቋጥር የጆንያውን ታች ይብሳ። የበሰበሰ ፍግ ከአፈር ጋር ቀላቅሎ እስከ ሲሶው ይሙላ። ዓይኑ ያቆጠቆጠ ድንች ሁለት ያህል አኑሮ አራት ጣት አፈር ያልብሰው፤ ፀሐይ በሚያገኝበትም ስፍራ ያቁመው። ውኃ ሲበዛ ድንቹ ይበሰብሳልና አፈሩ መድረቅ ሲጀምር ብቻ ያጠጣው። ግንዱ ስንዝር ባደገ ቍጥር የቅጠሉን ጫፍ አስቀርቶ አፈር ይጨምርበት።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ በኋላ የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው። ድንቹ በጨለማ ስለሚያድግ ዓይን አያየውም። «አፍርቶ ይሆን?» እያለ አፈሩን የሚጭር ልጅ ሥሩን ይበጥሳል፤ ለቤተ ሰቡ ሊሆን የነበረውም ምግብ ይጠፋል። ለብርሃን የተገለጠ ድንች ደግሞ አረንጓዴ ይሆናል፤ መርዝም ስለሚይዝ አይበላም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደ ተባለ ነው።

ሦስት ወይም አራት ወር አልፎ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ግን ጆንያውን ገልብጡት። ከፍሬው ጤናማውን ለዘር አስቀሩ፤ የቀረውንም በጨለማ ስፍራ አኑሩት።

ትምህርትም እንዲሁ ነው። ዛሬ ያጠናችሁት ፊደል ፍሬው ነገ ጠዋት አይታይም፤ ታግሦ ለሚኮተኩተው ግን በጊዜው ያፈራል።