ሁለተኛ ዲስክ ከመግዛትህ በፊት

ቆይ እስቲ፣ ካርድህን መልሰህ ኪስህ ክተት። ያ የምታየው ባለ ሁለት ዲስክ ሙሉ ዕቃ እንደሚያምር አልክድም፤ ክሮሙ ዓይን ይጠራል። ዛሬ ግን አትገዛውም። መጀመሪያ ያለህን ፍሬን እንየው።

ፍሬኑ ደካማ ነው የሚለው ቅሬታህስ ልክ ነው። የ2008 ሞዴል ሃርሊ ስፖርትስተር 883 ሞተርሳይክልህ ወደ 250 ኪሎ የሚመዝን ብረት ነው፤ ከፊት የሚያስቆመው አንድ ባለ 292 ሚሊሜትር ዲስክና አንድ ባለ ሁለት ፒስተን ካሊፐር ብቻ ነው። ሃርሊም ነገሩ ገብቶት በ2014 ሞዴሎቹ ላይ ዲስኩን ወደ 300 አሳደገው፣ ካሊፐሩንና ማስተር ሲሊንደሩን ቀየረ፣ ኤቢኤስም በተጨማሪ ክፍያ አቀረበ። እንግዲህ አስላው፦ ከ292 ወደ 300 ማለት ሦስት ከመቶ እንኳን አይሞላም። ለውጡ የዲስኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጅህ አይለየውም ነበር። ስለዚህ ዲስክ ዲስክ አትበልብኝ። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይሄ ፍሬን ደካማ ሆኖ ነው የተሠራው ወይስ አርጅቶብህ ነው?

ታንከሩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርግ፣ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል። አሁን መሪው ላይ ያለውን የማስተሩን ክዳን ጥረግና የተጻፈበትን አንብብ። ዶት 4 ይላል፣ አይደል? እንግዲያው ዶት 4 ብቻ ነው የሚገባው። የድሮዎቹ ሃርሊዎች ዶት 5 ነበር የሚጠቀሙት፤ እሱ ሲሊኮን ነው፣ ካንተ ዘይት ጋር አይቀላቀልም። ዶት 5.1 የሚባለው ደግሞ ስሙ ቢመሳሰልም ከዶት 4 ወገን ነው። ሱቅ ውስጥ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው፤ ሻጩም አብሮ ይሳሳታል።

ክፈተው። አየህ? አዲስ ዘይት ወደ ቢጫ ያደላል እንጂ ውስጡ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ያንተ የጀበና ቡና ሆኗል። ይሄ ዘይት በዓመታት ውስጥ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 አዲስ ሲሆን የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ ደረጃው ወደ 155 ይወርድለታል። ኦሮራ ውስጥ ሃቫና ጎዳና ላይ ቡና ልትጠጣ ስትሄድ ይሄ አይታወቅህም። ቅዳሜ ከጓደኞችህ ጋር ተራራ ወጥታችሁ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ጆርጅታውን ቁልቁል ስትወርዱ ነው የሚታወቅህ። ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን እጀታው ባዶውን መሪው ድረስ ይመጣልሃል፤ እንፋሎት ይጨመቃላ! ደግሞ ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውርድ። አባይ በረሃን የሚወርዱ የጭነት መኪና ሹፌሮች በከባድ ማርሽ የሚወርዱት ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሞተሩ ይያዝልህ፤ ፍሬኑን ለማቆሚያ አቆየው።

ካሊፐሩንም ፍታው። በቱቦው እንዳይንጠለጠል፣ በሽቦ እሰረው። በነዚህ ሁለት ፒኖች ላይ ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አለበት፤ በጣትህ ግፋው እስቲ። እምቢ አለ አይደል? ግሪሱ ደርቆ ይዞታል። እንዲህ ሲሆን አንደኛው ሸራ ብቻውን ይሠራል፣ ሌላው ዝም ብሎ ይቀመጣል። እይ፣ የውስጠኛው ሸራ አልቆ የውጪው ገና ግማሽ ነው። የፍሬንህ ግማሹ ጉልበት የቀረው እዚህ ነው ብልህ ብዙ አላጋነንኩም። ፒኖቹን አጽዳቸው፣ የሲሊኮን ግሪስ ቀባቸው፤ ተራ ግሪስ ላስቲኩን ያሳብጠዋል። ፒስተኖቹን ወደ ውስጥ ከመመለስህ በፊት ዙሪያቸውን በፍሬን ማጽጃ እጠብ፤ ያ ሁሉ ቆሻሻ ከነጉዱ ላስቲኩ ውስጥ እንዳይገባ።

ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ውፍረት ተቀርጿል፤ ከዚያ ከሳሳ ሌላ ነገር አናወራም፣ ይቀየራል። ካልሳሳ ግን ይቆያል።

ሸራውን ደህና አድርገህ ግዛ፣ እዚህ ላይ አትቆጥብ። ከብረት ዱቄት የተጋገረው ዓይነት ሲሞቅም ሲረጥብም ይይዛል፤ ዲስኩን ትንሽ ፈጠን አድርጎ ይበላል፣ ይብላ። ከጀርባው ብረት ላይ ሁለት የላቲን ፊደላት ታገኛለህ፤ የመጀመሪያው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ሁለቱም ‘ኤች’ ከሆኑ ጠንካራ ነው። በቅባት እጅህ ፊቱን ከነካኸው ግን እኔ የለሁበትም።

የፍሬን ቱቦው ከፋብሪካ አብሮት የመጣው ላስቲክ ነው። ስትጨብጥ ይነፋል፣ የእጅህ ጉልበት እዚያው ይባክናል። በብረት ሽቦ የተጠለፈውን ግባበት፤ እጀታው ጠንከር ይልና ምን እየሆነ እንደሆነ ለጣትህ ይነግረዋል። ጉልበት ይጨምራል የሚሉህን ግን ተዋቸው፣ የሚጨምረው ስሜቱን ነው። ሲገጠም የመዳብ ሮንዴላዎቹ አዲስ ይሁኑ፤ ብሎኖቹም መጽሐፉ በሚለው ልክ በቶርክ መፍቻ ይጥበቁ እንጂ በግምት አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ዲስክህ እንምጣ። 1200 ሮድስተር ፊት ላይ ሁለት ዲስክ ነበረው፣ አውቃለሁ፤ ዓይንህ እሱ ላይ ነው። ያ ግን ዲስክ ብቻ አይደለም። በሌላው ወገን ካሊፐር የሚታሰርበት እግር ያለው አሞርታይዘር ያስፈልግሃል፣ ዲስክ የሚቀበል የጎማ መሀል ያስፈልግሃል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሌላ ማስተር ያስፈልግሃል። ያንተ ትንሹ ማስተር የሚገፋው ዘይት ለሁለት ፒስተን የተለካ ነው። አራት ስታደርግበት እጀታው መሪው ጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። ማስተሩን ዝም ብለህ ብታተልቀውም አያዋጣም፤ ከ12 ሚሊሜትር ወደ 14 ብትሄድ ስፋቱ ከሲሶ በላይ ያድጋል፣ በዚያው ልክ በአንድ ዲስክ ላይ ግፊቱ ይቀንስብህና እንጨት የጨበጥክ ይመስልሃል። እጀታው ጠንካራ ሆነ ብለህ ትደሰታለህ፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። ብዙ ሰው በዚህ ይታለላል።

ደግሞ ያንተ ሞተር ኤቢኤስ የለውም። የፊቱን ጉልበት ስትጨምር ጎማው እንዲቆልፍም እያቀለልክለት ነው። ሰፈር ውስጥ ‘የፊት ፍሬን አትንካ ይገለብጥሃል’ የሚሉህ የብስክሌት ወሬ ነው የሚያወሩት፤ ክሩዘር ረጅምና ዝቅ ያለ ነው፣ ከመገልበጡ በፊት የፊት ጎማው ይንሸራተታል። የኋላው ፍሬን ከስፖርት ሞተሮች የበለጠ ይሠራልሃል፣ ቢሆንም ትልቁን ሥራ የሚሠራው የፊቱ ነው። በአንዴ አትጨምድደው፤ መጀመሪያ ክብደቱ ወደ ፊት ይምጣ፣ ከዚያ አጥብቀው። ይሄን ባዶ ፓርኪንግ ላይ ደጋግመው። የሞተርሳይክል ሴፍቲ ፋውንዴሽንን ኮርስ ገብተህ ብትወስደው ደግሞ የዲስኩን ገንዘብ እኔ ራሴ እጨምርልሃለሁ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም።

በሰዓት 60 ማይል ስትሄድ በአንድ ሴኮንድ 27 ሜትር ግድም ትበላለህ። መስቀለኛ መንገድ ስትቃረብ ሁለት ጣትህ እጀታው ላይ ተዘጋጅቶ ከጠበቀ የምታተርፈው የዚያን ሴኮንድ ከፊል ነው፤ በነፃ። ጎማህንም እይ፣ ጎኑ ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የተሠራበት ዓመት ናቸው። የደረቀ ጎማ ላይ ስድስት ፒስተን ብትገጥም መንገዱን የሚይዝልህ የለም።

ሁሉን ገጥመህ ከፍሬኑ ውስጥ አየሩን ስታስወጣ ከካሊፐሩ ይጀመር፤ ዘይቱ ማስተሩ ውስጥ እንዳያልቅብህ እያየህ ሙላ። ሌሊቱን እጀታውን ጨብጠህ በላስቲክ እሰረው፣ የቀረችው አረፋ ወደ ላይ ትመጣለች። ጠዋት ሳትነሳ እጀታውን ደጋግመህ ጭመቅ፤ ፒስተን ከተመለሰ በኋላ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው። አዲሱ ሸራ እስኪላመድ ከ30 ማይል ወደ 5 ቀስ እያልክ ደጋግም፣ ሙሉ በሙሉ አትቁም፣ በየመሀሉ አስቀዝቅዘው።

ከፍ ያለ መሪ የመግጠም ሐሳብ ካለህ ደግሞ ቱቦውን ዛሬ አትዘዝ። መሪውን መጀመሪያ ግጠመው፣ ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙረህ ለካ፣ ከዚያ ነው ርዝመቱን የምናውቀው።