የውኃ ተራ

በደቡብ ኢትዮጵያ ቦረና የሚባል ሰፊ ቆላ አለ። ምድሩ ብዙ ነው፤ ሰዉ ግን በየስፍራው ጥቂት ጥቂት ነው። ዝናም ሲጠፋ ከብቱ የሚጠጣው ከጥልቅ ጕድጓድ ነው። ጐልማሶች በጕድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፥ እየዘፈኑና ውኃውን እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጡታል።

የወረዳው ሹም ሩቅ ነው፤ በጕድጓዱ አፍ የሚቆም ዘበኛም የለም። ታዲያ ብርቱው ደካማውን እንዳይገፋ የሚከለክለው ማን ነው? ሕዝቡ ተራ የሚቈጥር ሰው ይሾማል፤ ስሙም አባ ሄሬጋ ይባላል። ተራው በከብት ብዛት አይሰጥም። አስቀድሞ ጕድጓዱን ያስቈፈረው ሰው ያጠጣል፤ ከእርሱ በኋላ ወገኖቹና በሥራው የረዱት ይከተላሉ። ከብቶቹ ውኃ ሸትቷቸው ቢጮኹም እረኛው ቀኑን ይጠብቃል። ተራውን የጣሰ ሰው በጕድጓዱ ጉባኤ ፊት ቀርቦ ይዳኛል።

ደግሞ በየ8 ዓመቱ ሕዝቡ ጉሚ ጋዮ በሚባል ታላቅ ጉባኤ ተሰብስቦ ስለ ሕጉ ይመክራል። ይህ ሁሉ የገዳ ሥርዓት ክፍል ነው፤ ገዳም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ተጻፈ።

ሹመት ክብር ብቻ አይደለም። አባ ሄሬጋ አንድ ቀን ለባለጠጋ ቢያዳላ፥ የድኻው ጥጃ በጥማት ትሞታለች። ስለዚህ ተራ መጠበቅ ትንሽ ነገር አይምሰል፤ ዘበኛ በሌለበት አገር ሕግ የሚጸናው ሁሉም ሲጠብቀው ነውና።