ምዕራፍ 9፦ ስም የሚበላ ፋይል

ፋይሉን ስትከፍቱ በስም ቦታ የጥያቄ ምልክት ተደርድሮ ካገኛችሁ መጀመሪያ እጃችሁን ከኪቦርዱ አንሱ። ሴቭ አታድርጉ።

አይከል ውስጥ በመተማው መንገድ ዳር የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ የምትሠራ ወዳጅ አለችኝ። የአንድ እድር አባላትን ዝርዝር ከመዝገብ ወደ ኤክሴል ገለበጠች። የእድሩ ጸሐፊ «በሲኤስቪ ስጪኝ» አሏት። ሴቭ አዝ ብላ ከሲኤስቪዎቹ አንዱን መረጠች፤ የመጣውን ማስጠንቀቂያ ሳታነብ ኦኬ አለች። ስክሪኑ ላይ ፊደሉ እንዳለ ስለሚታይ አምናው ዘጋችው። በማግስቱ ሲከፈት አበበም ከበደም ሦስት ሦስት የጥያቄ ምልክት ሆነው ተገኙ። ዋናውን የኤክሴል ፋይል ለብቻው አላስቀመጠችም ነበርና መዝገቡን እንደገና ከመጻፍ ሌላ መላ አልነበራትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ተራ ሲኤስቪ የሚጽፈው በኮምፒውተሩ ነባር የላቲን ኮድ ነው፤ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ያለው ሲሆን የእኛ ፊደል እዚያ ውስጥ የለም። የማያውቀውን ፊደል ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይተካዋል፤ የተተካው አይመለስም። ፊደላችን ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ-8» የሚለውን ምረጡ። አሮጌ ኤክሴል ከሆነ «ዩኒኮድ ቴክስት» ይበጃል።

ሌላው በሽታ ይድናል። በጥያቄ ምልክት ፈንታ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ካያችሁ ጽሑፉ አልሞተም፤ በትክክል የተቀመጠውን ፋይል ሁለቴ ጠቅ ስታደርጉት ኤክሴል ዓይነቱን ሳይጠይቅ በገዛ ኮዱ አንብቦት ነው። ሳታስቀምጡ ዝጉት። ባዶ ገጽ ክፈቱ፣ ከዳታ ሜኑ ጽሑፍ አስገባ በሉ፣ የፋይሉን ምንጭ 65001 (ዩቲኤፍ-8 ማለት ነው) አድርጉ። ፊደሉ ይመለሳል።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝን ልናገር። ማሠልጠኛዎች ፈጣን ታይፕ ያስተምራሉ፣ ሰርተፊኬት ይሰጣሉ፤ ፋይል እንዴት እንደሚቀመጥ ግን አያስተምሩም። የሰው ስም አደራ ነው። ማስጠንቀቂያው በእንግሊዝኛ መጣ ተብሎ አይታለፍም፤ አንብቡት፣ ካልገባችሁ የሚያውቅ ጥሩ።

እኔ ለሁሉም የምመክረው ይህን ነው፦ አስቀድማችሁ በኤክሴል ዓይነት አስቀምጡ፣ ከዚያ ቅጂውን በዩቲኤፍ-8 አውጡ፣ ዝጉ፣ ቅጂውን በኖትፓድ ክፈቱት። ደንበኛው ከአጠገባችሁ ቆሞ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስም ያንብብ። ኖትፓድ ራሱ እ.ኤ.አ. እስከ 2019 ድረስ በራሱ የሚመርጠው አንሲን፣ ማለትም ያንኑ ነባር ኮድ፣ ነበር፤ በአሮጌ ዊንዶውስ የምትሠሩ ሴቭ አዝ ብላችሁ ከታች ያለውን ኢንኮዲንግ በእጃችሁ ወደ ዩቲኤፍ-8 ቀይሩ።